«መንስኤና መዘዝ» ከሚለው ርዕስ መውጣት፦ ወጣቶችና ወንጀል በመመረቂያ ጽሑፍ

በዚህ እትም የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ዓምዳችን ከሶሲዮሎጂ ተማሪዎች የደረሱንን ደብዳቤዎች ይመልሳል። ሁሉም የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በወጣቶችና ወንጀል ላይ ለመሥራት ያሰቡ ናቸው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የብዙዎች ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። «የወጣቶች ወንጀል መንስኤዎችና መዘዞች በአዲስ አበባ» የሚል ርዕስ አስገብቼ አማካሪዬ «ሰፊ ነው» ብለው መለሱልኝ። ያሰብኩት በማረሚያ ቤት ላሉ 50 ወጣቶች መጠይቅ በትኜ ለምን ወንጀል ውስጥ እንደገቡ መጠየቅ ነበር። ወደ አንድ ክፍለ ከተማ ባጠብበው ይበቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይበቃም። አማካሪዎ «ሰፊ ነው» ያሉት ትክክል ነው፤ የባሰው ችግር ግን ዕቅዱ ማወዳደሪያ የሌለው መሆኑ ነው። ለምሳሌ ያህል ከ50ዎቹ ታራሚዎች 30ዎቹ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ያደጉ ሆነው ቢገኙ 60 በመቶ ይሆናል፤ ወዲያው «የቤተሰብ መፍረስ ዋናው መንስኤ ነው» ተብሎ ይጻፋል። በዚያው ሰፈር ያደጉ፣ ፖሊስ ጣቢያ ረግጠው የማያውቁ 50 እኩዮቻቸው ተጠይቀው 28ቱ ከአንድ ወላጅ ጋር ያደጉ ቢሆኑስ? 60 እና 56 በመቶ በዚህ የሰው ቁጥር ልዩነት አላቸው አይባልም። የተገኘው የወንጀል መንስኤ ሳይሆን የሰፈሩ ኑሮ ነው። ድህነት፣ ሥራ አጥነት፣ የጓደኛ ግፊት የሚሉት «ግኝቶች» ከዓመት ዓመት በየመመረቂያው የሚደጋገሙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ ማረሚያ ቤት ያሉት ወንጀል የፈጸሙ ወጣቶች ሁሉ ወካይ አይደሉም። ተበዳዩ አመልክቶባቸው፣ ተይዘው፣ በሽምግልና ሳያልቅላቸው፣ ዋስ ሳያገኙ ወይም ተፈርዶባቸው እዚያ የደረሱ ናቸው። ዋስ የሚሆን ዘመድ ያለውና የሌለው ልጅ ያጠፉት ጥፋት አንድ ሊሆን ይችላል፤ በናሙናው ውስጥ የሚገኘው ግን አንዱ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ «ለምን አደረግከው?» ሲባል ልጁ የሚመልሰው ለመርማሪው፣ ለዳኛውና ለእናቱ ሲመልሰው የቆየውን ነው። ይህ መልስ ራሱ ሊጠና የሚገባው ነገር ነው፤ ሰው ድርጊቱን እንዴት እንደሚያስረዳ ያሳያል። የመንስኤ ማስረጃ አድርጎ መቁጠር ግን ስሕተት ነው።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። ታራሚዎችን ማጥናት ከፈለጉ እነሱ ብቻ የሚያውቁትን ይጠይቁ፦ ከተያዙበት ሰዓት ጀምሮ ምን እንደተደረገ፣ ዕድሜያቸውን ማን እንዴት እንደመዘገበው፣ ማን እንደጎበኛቸው፣ ሲወጡ የት እንደሚገቡ። ለዚህ ከ12 እስከ 15 ጥልቅ ቃለ መጠይቆች ከ50 መጠይቆች ይሻላሉ። የወንጀልን ተያያዥ ምክንያቶች ማጥናት ከፈለጉ ግን ያደረገውም ያላደረገውም ወደሚገኝበት ቦታ ይሂዱ። ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀለው ትምህርት ቤት ነው።

ከዚያ «ወጣት» ማን እንደሆነ ይወሰን። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ወጣት ይለዋል፤ የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ያደርሰዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክስ ሥራው ከ15 እስከ 24 ይጠቀማል። የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) ደግሞ መስመሩን ሌላ ቦታ ያሰምራል፦ ከ9 ዓመት በታች ተጠያቂነት የለም፤ ከ9 እስከ 15 ልዩ እርምጃዎች አሉ፤ ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው በመደበኛው ሕግ ይዳኛል፣ ፍርድ ቤቱ ግን ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፣ ሞትም አይፈረድበትም። «15–29» ብሎ የሚጀምር ጥናት የ9ኛ ክፍል ተማሪንና የሁለት ልጆች አባትን በአንድ ሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ከ15 እስከ 18 ይበቃዎታል።

«ወንጀል» የሚለውም በድርጊቶች ዝርዝር መተካት አለበት። ስምንት ወይም ዐሥር ድርጊት ይምረጡ፦ ከሱቅ ሳይከፍሉ ዕቃ መውሰድ፣ ከመኪና ላይ ስፖኪዮ መፍታት፣ ሞባይል መቀማት፣ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ዕቃ መግዛት፣ በማስፈራራት ገንዘብ መቀበል፣ ስለት ይዞ መውጣት፣ በቡድን ተደባድቦ ሰው ማቁሰል፣ የትምህርት ቤት ንብረት ሆን ብሎ መስበር። ጫት መቃምንና ከክፍል መቅረትን እዚህ አይቀላቅሉ። ጫት መቃም በወንጀል ሕጉ አያስቀጣም፤ ከክፍል መቅረትም የትምህርት ቤቱ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ የ«ወንጀለኛው» ቁጥር ይነፋል፤ በዚያ ላይ «ጫት ወደ ወንጀል ይመራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ዳግመኛ መጠየቅ አይቻልም፤ ጫቱ በወንጀሉ ውስጥ አስቀድሞ ተቆጥሯልና። «ቦዘኔ» የሚለውን ቃልም በጥንቃቄ ይያዙት። አዋጅ ቁጥር 384/1996 አደገኛ ቦዘኔነትን ለመቆጣጠር የወጣ ሕግ ነው፤ ቃሉ የሕግ ስያሜም የሰፈር ስድብም ስለሆነ የተመራማሪ ቃል ሊሆን አይችልም።

ንድፈ ሐሳብን በሚመለከት አምስት ንድፈ ሐሳቦችን በአምስት ገጽ ከመዘርዘር አንዱን ይዞ ጥያቄ ማውጣት ይሻላል። ለምሳሌ አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኸርሺ በ1969 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የማኅበራዊ ቁርኝት ንድፈ ሐሳብ አራት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ለቤተሰብና ለመምህር ያለ ቅርበት፣ ለወደፊት ሕይወት የተያዘ ዓላማ፣ በሥራና በትምህርት መጠመድ፣ በሕግ ተገቢነት ማመን። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ጥያቄ ቢያወጡ መጠይቁ ግማሹ ተጻፈ። ተፎካካሪው ሐሳብ ሰው ጥፋትን ከቅርብ ጓደኞቹ ይማረዋል የሚለው ነው፤ ለእሱም ሦስት ጥያቄ ይጨምሩ። አሁን የጥናት ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ «በአንድ ትምህርት ቤት የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ዘንድ ቤተሰብ የልጁን ውሎ ማወቁ ከስርቆት፣ ከድብድብና ንብረት ከማበላሸት ጋር ምን ግንኙነት አለው? የጓደኞቹ ሁኔታ ሲታሰብስ ግንኙነቱ ይቀጥላል?» ግንኙነት ቢገኝ እንኳ ቤተሰብ አለማወቁ ጥፋት አመጣ ለማለት አይቸኩሉ። የሚያጠፋ ልጅ ውሎውን ይደብቃልና ነገሩ ተገልብጦም ሊሄድ ይችላል። በአንድ ቀን የተሞላ መጠይቅ የትኛው እንደቀደመ አይለይም።

ጥያቄ፦ የመረጥኩት ትምህርት ቤት 1,840 ተማሪዎች በ46 ሴክሽን አሉት። በናሙና መጠን ቀመሩ ሳሰላ 329 ተማሪ ወጣልኝ። ስምንት ሴክሽን በዕጣ አውጥቼ ሙሉውን ክፍል ባስሞላ 320 ያህል ይሆናል፤ ያስኬዳል? (ከደሴ)

መልስ፦ ስሌትዎ ትክክል ነው፦ 1,840ን ለ 1 + (1,840 × 0.0025)፣ ማለትም ለ5.6 ሲያካፍሉ 328.57 (0.0025 የመጣው የ5 በመቶ የስሕተት ህዳግ፣ ማለትም ግምቱ ከእውነቱ ሊርቅ የሚችልበት መጠን፣ 0.05 በራሱ ሲባዛ ነው)። ነገር ግን ይህ ቀመር የሚሠራው እያንዳንዱ ተማሪ በተናጠል በዕጣ ሲወጣ ነው። ሙሉ ሴክሽን ሲወሰድ አብረው የሚውሉ፣ አንዳንዴም በውጤት ወይም በፈረቃ የተመደቡ ልጆች ይሰበሰባሉ። እርስ በርሳቸው ስለሚመሳሰሉ 40 ሰው የ40 ሰው ያህል መረጃ አይሰጥም።

ማስተካከያው 1 + (ከአንድ ሴክሽን የሚወሰደው ቁጥር − 1) × የመመሳሰል መጠን ነው። መመሳሰሉን 0.02 ብለን ብንገምት፣ 40 ተማሪ ሲወሰድ 1 + 39 × 0.02 = 1.78 ይመጣል። 329 በዚህ ሲባዛ 586 ይሆናል፤ ስምንት ሳይሆን 15 ሴክሽን ማለት ነው። ከየሴክሽኑ 10 ብቻ ቢወስዱ ግን ማባዣው 1.18 ስለሚሆን 389 ተማሪ ይበቃል፤ ከ39 ሴክሽን ዐሥር ዐሥር ልጅ ማለት ነው። ወረቀቱ ይቀንሳል፤ ሆኖም 39 ክፍል መዞር ይኖራል፣ «ለምን እኔ ተመረጥኩ?» የሚል ጥርጣሬም ይነሣል። ስለዚህ ዕጣው በሮል ቁጥር፣ ክፍሉ እያየ ይውጣ። መምህሩ ወይም ሞኒተሩ «ጎበዞቹን» መርጦ እንዲልክ ፈጽሞ አይፍቀዱ። ጊዜም ገንዘብም ካጠረዎት ደግሞ ትንሹን ናሙና ወስደው የስሕተት ህዳጉ ከ5 በመቶ መብለጡን በግልጽ ይጻፉ፤ ያ ነውር የለውም።

በመጠይቁ ቀን የቀሩት ተማሪዎች ለዚህ ጥናት ከሁሉም በላይ የሚፈለጉ ናቸው፤ ደጋግሞ የሚቀር ልጅ ከሌላው የተለየ ውሎ አለውና። ስማቸውን ሳይሆን ቁጥራቸውን ይመዝግቡ፤ በሌላ ሁለት ቀን ተመልሰው ያስሞሉ። ትምህርት ያቋረጡት ጭራሽ በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ርዕሱ «በትምህርት ላይ ያሉ ወጣቶች» ይበል እንጂ «የደሴ ወጣቶች» አይበል።

ጥያቄ፦ መጠይቄን በ20 ተማሪዎች ሞከርኩት። «ወንጀል ፈጽመህ ታውቃለህ?» ለሚለው ሃያዎቹም «አላውቅም» አሉ። ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ጥያቄውን ሲያነቡ ይስቁ ነበር። ስሕተቴ ምኑ ላይ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በአንዲት አጭር ጥያቄ ውስጥ ሦስት ስሕተት አለ። «ወንጀል» ሲባል ተማሪው የሚታየው ግድያና ዘረፋ ነው፤ ከሱቅ ደብተር ሳይከፍል መውሰዱ ወይም የሰው ስፖኪዮ መፍታቱ ትዝ አይለውም። ቃሉ ከመጠይቁ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። «ታውቃለህ» ደግሞ ሴቶቹን አያነጋግርም፤ የሳቁት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። «ያውቃሉ» ብሎ በአክብሮት መጻፍም መፍትሔ አይሆንም፤ ጥያቄው ስለ እርሷ ይሁን ስለ ሌሎች ሰዎች ሊያምታታ ይችላል። የሚሻለው ዓረፍተ ነገሩን በአንደኛ መደብ ማድረግ ነው፦ «ካለፈው መስከረም ወዲህ ከሱቅ ሳልከፍል ዕቃ ወስጃለሁ»፤ ከጎኑ «በጭራሽ / አንድ ጊዜ / ከአንድ ጊዜ በላይ»። ይህ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ይሠራል። ሦስተኛው ስሕተት ጊዜው አለመወሰኑ ነው። «ባለፉት 12 ወራት» ሲባል እያንዳንዱ ከሌላ ቦታ ይቆጥራል። እንቁጣጣሽ ግን የማይረሳ መነሻ ነው፤ የክፍል ዓመቱም እዚያው አካባቢ ይጀምራል።

ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ መጠይቅ ከሆነ ቃላቱን አንድ በአንድ ይፈትሹ። «ቡድን ውስጥ አለህ?» ከተባለ የእግር ኳስ ቡድኑም፣ የአንድ ለአምስት የጥናት ቡድኑም ይቆጠራል። «አብረውኝ ከሚውሉ ጓደኞቼ ውስጥ በፖሊስ የተያዘ አለ» ማለት ይቀላል። «የቤተሰብ ችግርና ሥራ ማጣት ወደ ጥፋት ገፋፍቶኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥያቄ አጣምሮ የያዘ፣ መልሱንም የሚያጎርስ ነው። በምትኩ «ባለፉት ሰባት ቀናት ከትምህርት ቤት ከወጣሁ በኋላ የት እንዳለሁ ቤተሰብ ያወቀው ___ ቀን ነው» ይበሉ፤ ቁጥር ያገኛሉ።

ስለ አሞላሉ ጥቂት ነገር እንጨምር፤ የሐሰት መልስ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። መምህሩ ከክፍል ይውጣ። በአንድ ዴስክ ሦስት ልጅ ተቀምጦ እውነት አይጻፍም፤ ቢያንስ አንድ ቦታ ይዝለሉ። «አዎ ካልክ ወደ ጥያቄ 14 እለፍ» የሚል ነገር አይኑር፤ ብዙ የሚጽፍ ልጅ ብዙ ያጠፋ መሆኑን ጎረቤቱ ያውቅበታል። በየረድፉ «በጭራሽ» የሚለውም ምልክት ይፈልግ፤ የሁሉም እስክሪብቶ እኩል ይንቀሳቀስ። ስም፣ ሮል ቁጥርና ትክክለኛ የልደት ቀን አይጠየቁ፤ ዕድሜ በዓመት ይበቃል። ወረቀቱ የተዘጋ ሣጥን ውስጥ በልጁ በራሱ እጅ ይግባ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከ25 እስከ 35 ጥያቄ ይሞላል፤ ቀላሎቹ መጀመሪያ፣ ድርጊቶቹ መሐል ላይ፣ ስለ ቤተሰብ ኑሮ የሚጠይቁት መጨረሻ ይሁኑ።

የሚያጋንኑም አሉ፤ በተለይ ወንዶች። በዝርዝሩ ውስጥ በእርስዎ የተፈጠረ፣ በዓለም ላይ የሌለ የክኒን ስም ያስገቡ፤ «ወስጃለሁ» ያለውን ወረቀት ለብቻው ያስቀምጡ። ስሙ የሰፈር ቃል አለመሆኑን አስቀድመው ከልጆቹ ያጣሩ።

በጣም ለሚያሳፍር አንድ ጥያቄ ዘውድና ጎፈር ይጠቅማል። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሳንቲም ለብቻው ይወረውራል። አንበሳው ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን «አዎ» ይላል፤ ሌላው ፊት ከወጣ እውነቱን ይመልሳል። የማን «አዎ» እውነት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ከ300 ተማሪዎች 180 «አዎ» ቢመጣ፣ 150 ያህሉ በሳንቲሙ የመጣ ነው፤ ቀሪው 30 እውነቱን ከመለሱት 150ዎቹ 20 በመቶ ነው። ዋጋው የትክክለኛነት መቀነስ ነው፦ በቀጥታ ጥያቄ ±4.5 በመቶ ነጥብ የነበረው ህዳግ እዚህ ወደ ±11 ይሰፋል። መልሱንም ከልጁ ሌሎች መልሶች ጋር ማገናኘት ያስቸግራል። ያላደረጉትን «አዎ» ማለት የሚከብዳቸው ልጆችም ስላሉ በትንሽ ቡድን ሳይሞከር ሥራ ላይ አይዋል።

ጥያቄ፦ ተጠያቂዬ ከባድ ወንጀል መፈጸሙን ቢነግረኝ ለፖሊስ መናገር አለብኝ? ዕድሜው ከ18 በታች ለሆነስ የወላጅ ፈቃድ የግድ ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ፅኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ወይም የፈጸመውን ሰው እያወቀ ያለ በቂ ምክንያት ያላሳወቀን ሰው ይቀጣል። «ተመራማሪ ነኝ» ማለት ይሸፍነኛል ብለው አይመኑ፤ ለልጁም «ምንም ብትነግረኝ ከእኔ አይወጣም» ብለው ቃል አይግቡለት። መፍትሔው ቀድሞ መከላከል ነው። በስምምነት ቅጹ ላይም በቃልም እንዲህ ይበሉ፦ «የሰው ስም፣ ቀንና ቦታ እንዳትነግረኝ። ገና ፖሊስ ያልያዘውን ነገርም አትንገረኝ።» ወሬው ወደዚያ ካዘነበለ ያቋርጡት። መቅጃ ከተጠቀሙ ከልጁ ስም ጋር አያያይዙ፤ ወደ ጽሑፍ ከተገለበጠ በኋላ ድምፁን ያጥፉ።

ከ18 ዓመት በታች ለሆነ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድም የልጁ የራሱ እሺታም ያስፈልጋል፤ ወላጅ ቢፈቅድና ልጁ ባይፈልግ አይጠየቅም። እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ተፈርሞ እንዲመለስ የሚላከው ወረቀት ከማይመለስባቸው ቤቶች ብዙዎቹ የልጁን ውሎ የማይከታተሉት ናቸው። ጥናቱ ስለ ቤተሰብ ክትትል ከሆነ የሚፈለጉት ልጆች በፊርማው ምክንያት ይወድቃሉ። ቅጹ ከሳምንት በፊት ይላክ፤ ለሁለተኛ ጊዜም ይደገም፤ በወላጆች ስብሰባ ቀን ተገኝተው ያስፈርሙ። የተመለሰውና ያልተመለሰው ቁጥር በጽሑፉ ይገለጽ።

ታራሚ ከሆነ ጠባቂው ከሚሰማበት ርቀት ውጪ መነጋገር ካልተቻለ ቃለ መጠይቁ ይቅር። «ይህ ጥናት ጉዳይህን አያቀልልህም፣ አያከብድብህምም» ብለው ደጋግመው ይንገሩት፤ ከውጭ የመጣን ሰው ሁሉ ነገር ያስፈጽማል ብሎ መጠበቅ ልማድ ነውና። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የልጆች ጉዳይ በዝግ ችሎት እንዲሰማ ይደነግጋል፤ ስለዚህ ችሎት ገብቶ የመታዘብ ዕቅድ ካለዎት ይተዉት። የዲፓርትመንቱን የትብብር ደብዳቤ ሴሚስተሩ እንደተከፈተ ያስጽፉ፤ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየተመራ ሳምንታት ይወስዳል። ፈቃዱ ከዘገየ የሚዞሩበት ሁለተኛ የጥናት ቦታ በዕቅዱ ላይ ይኑር።

ጥያቄ፦ መጠይቁን ትቼ የፖሊስ መዝገብ ቁጥር ብቻ ብጠቀምስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይቻላል፤ መዝገቡ የሚናገረው ግን ሰው ምን እንዳመለከተና ፖሊስ ምን እንደመዘገበ ነው። ሞባይሉን የተቀማ ሰው «አይገኝም» ብሎ ወደ ቤቱ ከሄደ አይቆጠርም። ቁጥሩን ሲቀበሉ የተቆጠረው መዝገብ ይሁን ተጠርጣሪ ይጠይቁ፤ ሦስት ልጆች በአንድ ቅሚያ ቢያዙ አንድም ሦስትም ሊሆን ይችላል። ቅሚያው ስርቆት (አንቀጽ 665) ተብሎ ይሁን ውንብድና (አንቀጽ 670) ተብሎ መመዝገቡንም ያጣሩ፤ አመዳደቡ ከተቀየረ «ውንብድና ጨመረ» የሚለው ድምዳሜ ባዶ ነው። የክብር መዝገብ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት) ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ስለሆነ የዛሬ ጎረምሶች ብዙዎቹ ሲወለዱ አልተመዘገቡም፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ዕድሜ ልጁ የተናገረው ወይም ሐኪም የገመተው ሊሆን ይችላል። ከ18 በታችና በላይ የሚለው ክፍፍል በዚህ ላይ ነው የሚቆመው።

ለ100,000 ሰው ስንት ወንጀል ብለው ሊያሰሉ ካሰቡም የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. መሆኑን ያስቡ፤ አካፋዩ ግምት ነው። ወሰንም ይለወጣል። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ተመሥርቷል። የ2012 እና የ2014 የቦሌን ስርቆት ዝም ብሎ የሚያወዳድር ሰው ሰፈሩ መቀነሱን ወንጀሉ ቀነሰ ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ሦስቱን ክፍለ ከተሞች አንድ ላይ ደምሮ ማወዳደር ይህን ያስቀራል።